«የእኔ ዕንቁ» ስለ ማለት

በደሴና በኮምቦልቻ ሰፈሮች «አልማዜ»፣ «ዕንቁዬ»፣ «ሉሌ» የሚለው የቁልምጫ ጥሪ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ደጃፍ ይሰማል። ከጠሪዎቹ አብዛኞቹ ግን አልማዝን በዓይናቸው አላዩም። እናት በማታውቀው ድንጋይ ልጇን ስትጠራ ምን ማለቷ ነው?

ቃላቱ ከሩቅ ተጉዘዋል። «አልማዝ» በዐረብኛ በኩል የገባ ሲሆን፣ ጥንተ ምንጩ የግሪኩ «አዳማስ» ነው፤ የማይበገር ማለት ነው። «ዕንቍ» ግን የግዕዝ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ልባም ሴትን ከዕንቍ በላይ ያስቀምጣታል፤ ቁርኣንም የጀነትን ሴቶች በያቁትና በመርጃን ይመስላቸዋል። ሕዝቡ እንግዲህ ዕንቁን ከጌጥ ሣጥን አስቀድሞ በቃል አወቀው።

ሰውን በውድ ዕቃ ስም መጥራት ሰውን ዕቃ ማድረግ ነው የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል። ትችቱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በቀድሞው ዘመን በጌቶች ቤት «አልማዜ» እየተባለች ውኃ ስትቀዳ ያረጀች ገረድ ስሟ ምን ጠቀማት? የገጠሪቱም ምራት እንዲሁ ናት፤ የባሏን ዘመዶች በስማቸው መጥራት ነውር ስለሆነ ለየአንዳንዳቸው የአክብሮትና የቁልምጫ ስም ታወጣለች። በዚያ ቤት ሥልጣን የሌላት እርሷ ናትና «ዕንቁዬ» ብትል እንኳ ቃሉ መለማመጫ ነው። አማቷ መልሳ ምን ብላ ትጠራታለች? የቤቱ ፍርድ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

የቁልምጫው ኃይል ያለው በመጨረሻዋ «ዬ» ነው፤ «የእኔ» ማለት ናት። (የደሴንም ስም አፄ ዮሐንስ 4ኛ «ደስታዬ» ሲሉ እንዳወጡት ይነገራል።) የጌታ «የእኔ» ገረዲቱን ንብረት ያደርጋል። የእናት «የእኔ» ግን እናቲቱን ራሷን ለልጇ ባለዕዳ ያደርጋታል።

ወሎ የራሷን ዕንቁ ያገኘችው በቅርቡ ነው። በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ፣ ኦፓል የተባለው ኅብረ ቀለማዊ ድንጋይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ወጣቶች የገደሉን ወገብ እየፈለፈሉ ያወጡታል፤ ዋሻው ተንዶባቸው የቀሩም አሉ። ልጅን «ኦፓሌ» ብሎ መጥራት ግን ልማድ አልሆነም። ምክንያቱ የቃሉ ባዕድነት ብቻ አይመስልም። አልማዝን ያላየች እናት ዋጋውን እንደ ልቧ ትቆርጣለች። የኦፓልን ዋጋ ግን የደላንታ እናት ታውቀዋለች፤ ነጋዴው በሚዛን ነግሯታል፣ ልጇም በየማለዳው ወደ ገደሉ ይወርዳል።