ሳይጠጡ ሀዋሳን መጥገብ

ጓደኛሞች ተሰብስበው «በዓሉን ሀዋሳ እናሳልፍ» ሲባባሉ ከመካከላቸው አንዱ ዝም ይላል። ሌሎቹ ስለ መኪናው፣ ስለ አልጋው ዋጋ፣ ማታ ስለሚጨፈርበት ቤት ይማከራሉ፤ እሱ ግን በልቡ «እኔ አልጠጣም፤ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?» ይላል። አንዳንዱ ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። አንዳንዱ ይሄድና ሁለት ሌሊት የሰው ቦርሳና ስልክ ሲጠብቅ አምሽቶ ይመለሳል። አንዳንዷም «ደባሪ እንዳልባል» ብላ ያልፈለገችውን ትጎነጫለች። ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። የምትጠጡትም ብታነቡት አልጠላም።

ሀዋሳ ውስጥ ኖሬ ያረጀሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር በልበ ሙሉነት እነግራችኋለሁ። የዚህች ከተማ ትልቁ ሀብት ያለው ጠዋት ላይ ነው። ሌሊቱን ሲጠጣ ያነጋ ሰው ደግሞ ጠዋቱን ያጣዋል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጥቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ እስከ አምስት ሰዓት የሚተኛ እንግዳ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። ቢራና ጮክ ያለ ሙዚቃ ከሆነ የፈለገው ቦሌም ሞልቶለታል። እዚህ ብቻ የሚገኘውን ነገር ግን ሳያየው ይመለሳል።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ድረሱ። በዚያ ሰዓት መረብ ጥለው ያደሩት ዓሣ አስጋሪዎች በጀልባ ወደ ዳር ይገባሉ። መረቡ ይዘረጋና ዓሣው አንድ በአንድ ይፈታል፤ አብዛኛው ቆሮሶ ነው፣ በመሀል ጢማሙ አምባዛ ይወጣል፣ አልፎ አልፎም ቢልጫ። ከዚያ ሥራው ዓሣውን የሚበልቱት ልጆች ነው። አንዱን ልጅ ምረጡና እጁን ብቻ ተመልከቱ። ቆሮሶውን እንጨት ላይ ያጋድመዋል፤ ከጆሮ ግንዱ ሥር ሰንጥቆ ቢላዋውን አጥንት አጥንቱን እያስኬደ እስከ ጭራው ይወርዳል፤ ገልብጦ በሌላው ወገን ይደግማል፤ ቆዳውን በአንድ ስበት ይገፈዋል። ሁለት ነጭ ሥጋ ሳህን ላይ ቁጭ ሲል እኔ ይህን አረፍተ ነገር ተናግሬ አልጨርስም። የቀረውን አጥንትና አንጀት ወደ ኋላው ይወረውረዋል፤ ዘወር ብሎም አያይም፤ ምክንያቱም ከኋላው አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ቆሟል።

አባ ኮዳን በፎቶ ያየ አላየውም። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ራሱ መላጣ ነው፤ ከጉሮሮው ሥር ቀላ ያለ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሰው አይፈራም፤ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ድርሻውን ይጠብቃል። ፔሊካኖቹ ከውሃው ላይ ሆነው ይሻማሉ። ከላይ ዛፉ ላይ ጥቁርና ነጭ ለብሶ የተቀመጠው ጉሬዛ ነው፤ ከታች የምትሯሯጠው ጦጣ ደግሞ ሙዝ ከያዛችሁ ከእጃችሁ ትነጥቃለች። አታብሏት፤ ሰው ባበላት ቁጥር ነጣቂነቷ ይብሳል። ከዚያ እዚያው ከጣውላ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ እዘዙ፤ የዓሣ ሾርባም አለ። ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉ ታያላችሁ። እኔ የበሰለውን ብሉ እላለሁ፤ ጥሬ የሐይቅ ዓሣ ከነጥገኛ ትሉ ሊዋጥ ይችላልና። ራሱን እያመመው፣ አፉ ደርቆ የነቃ ሰው ይህን ሁሉ ሽታና ጫጫታ አይችለውም። እናንተ ትችሉታላችሁ፤ የሀዋሳ ምርጥ ሰዓት የእናንተ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ደግሞም በዚህች ከተማ ብርጭቆ የማያነሳ ሰው ባዕድ እንዳይመስላችሁ። ቱሪስት የሚያያት ሀዋሳ የሐይቁ ዳር መጠጥ ቤቶችና የሆቴል ግቢዎች ናት። የሚኖርባት ሰው ግን ሌላ ነው። ከነዋሪው እጅግ ብዙው ፕሮቴስታንት ነው፤ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያኑ መጠጥ እንዳይጠጣ ያስተማረው ምእመን ነው። ሙስሊሙም አለ። ኦርቶዶክሱም በከተማዋ እምብርት ባለው በቅዱስ ገብርኤል ዙሪያ ይሰበሰባል። እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ቁሙና ነጠላ የለበሰውን፣ መጽሐፍ ቅዱስ በክንዱ የያዘውን፣ ልጆቹን በሁለት እጁ ይዞ የሚጣደፈውን ሕዝብ እዩት። ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው አልጋውን ሁሉ ይሞላዋል። ከንግሡ በኋላ ግን ወደ መጠጥ የሚዞረው ወጣት ጥቂት አይደለም። ለስእለት መጥታችሁ በስካር መመለስ አይገባም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሽማግሌነቴ ምን ያደርጋል?

መጠጥ ከሌለ ደስታ የለም ለሚላችሁ ሰው ፍቼ ጫምባላላን ጥቀሱለት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ይወስኑታል። ከዚያ በኋላ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ጉዱማሌ ላይ የሚሆነውን ማየት ነው። አባቶች በቄጣላ ጭፈራ ሲገቡ ምድሪቱ በእግር ምት ትናወጣለች፤ አንዱ ያወጣል፣ መቶው ይቀበላል፤ ልብስ በላብ ይርሳል። ሰውን እንዲያ የሚያስጨፍረው አንድ ላይ መሆኑ ነው። በቤት ውስጥ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይቀርባል፤ ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፣ የማንም ልጅ ይሁኑ ይበላሉ። በዚሁ በዓል ሽማግሌዎች ወጣቱን ይመክራሉ፤ ሥራ ውደድ፣ የአገር ዛፍ አትቁረጥ፣ በሐሰት አትመስክር ይሉታል። ቀኑ ከእረፍታችሁ ጋር ከገጠመላችሁ ከየትኛውም የሙዚቃ ድግስ በፊት እሱን ምረጡ።

በሌላው ቀን ከሆነ የመጣችሁት፣ ጊዜያችሁን እንደ አየሩ አውሉት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ይከብዳል፤ ጥላ ፈልጉ፣ መጽሐፍ ያዙ፣ ስፕሪስ እዘዙ፤ የአካባቢው አቮካዶ እንደ ቅቤ ነው። ቡና ደግሞ እዚህ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ «ሲዳሞ» የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ1999 ዓ.ም. የተስማማችው በዚህ ምድር ቡና ነው። ከሐይቁ ዳር ረከቦት ዘርግታ የተቀመጠችው እናት ዘንድ አረፍ በሉና ሦስተኛው እስኪወርድ ቆዩ፤ ከስንት ሰው ጋር እንደምትጫወቱ ታያላችሁ። የከተማዋ መንገድ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ተከራይቶ መዞር ደስ ይላል። ሮጥ ሮጥ ማለት የሚወድም አይቸገርም፤ ታላቁ ሩጫ ግማሽ ማራቶን የሚያካሂደው እዚህ ነው። ወንዶ ገነት ፍልውሃ ደርሶ መመለስም በአንድ ቀን ይቻላል።

አስር ሰዓት ሲሆን ታቦርን ውጡ። ተራራ ይባል እንጂ ያለ ብዙ ድካም የሚወጣ ነው፤ ብቻችሁን ግን አትሂዱ፣ ሳይጨልምም ውረዱ። ከአናቱ ላይ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ላይ ነው። ከታቦር ካልደረሳችሁ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መሄጃ ላይ ሆናችሁም ታዩታላችሁ፤ ሸንኮራና በቆሎ እሸት የሚሸጥበት፣ ቤተሰብ ከነሕፃኑ የሚንሸራሸርበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ሐይቁ አይከብድም፤ የሚከብደው የጓደኛ ጠረጴዛ ነው። አገራችን ግብዣን በጉትጎታ የምታደርግ ናት። «በሞቴ፣ አንዷን ብቻ!» ሲባል እምቢ ማለት ሰውየውን የመናቅ ያህል ይሰማል። በዚህ ጊዜ ምክንያት አትደርድሩ። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ያለ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት «መድኃኒቱ አላለቀም?» ይባላል። «አልጠጣም፣ እግዜር ይስጥልኝ» በቂ ነው፤ ፈገግ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ። ቀጥላችሁ ግን ጋባዡን ባዶ እጁን አትመልሱት። በሞቴ የሚላችሁ ሰው የሚፈልገው ከእጁ አንድ ነገር እንድትቀበሉ ነው። «በሞቴ ካልክማ አምቦ ውሃ ጋብዘኝ» በሉት፤ ፊቱ ወዲያው ሲፈታ ታያላችሁ። ጋባዡ ታላቅ ሰው ከሆኑ ከመቀመጫችሁ ብድግ ብላችሁ ንገሯቸው፤ አክብሮቱን ካዩ መጠጡን አይጠይቋችሁም።

የሂሳብ ነገር ደግሞ ወዳጅነት ያበላሻል። ማታ አንድ ለስላሳ ጠጥታችሁ «እኩል እንካፈል» ሲባል አኩርፋችሁ ከምትከፍሉ፣ ገና ከአዲስ አበባ ሳትነሡ ተነጋገሩ፤ አልጋ፣ ነዳጅ፣ ምግብና ጀልባ በጋራ፣ መጠጥ የየራስ። በሰላም ጊዜ የተባለ ነገር ማንንም አያስከፋም። እራት አብራችሁ ብሉ፣ ጨዋታውን ተጫወቱ፤ ጭፈራ ከወደዳችሁም ጨፍሩ፣ እስክስታን ለጠጪ ብቻ የሰጠው የለም። ወሬው መደጋገም ሲጀምር፣ አንዱ ያንኑ ታሪክ ሦስተኛ ጊዜ ሲያወራ፣ «ጠዋት አሞራ ገደል ነኝ፣ የሚመጣ አለ?» ብላችሁ ተነሡ። አትስበኩ። የጓደኛችሁን ጠርሙስ አትቁጠሩበት። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ለጓደኛ አልወደውም፤ ጓደኛ መከራ ሲመክረው ቆሞ የሚያይ ምን ዓይነት ወዳጅ ነው? ደህና ገብቶ መተኛቱን አረጋግጡ፤ ጠዋት ሾርባ ይዛችሁለት ሂዱ።

ስለ ጫትና ሺሻም አንድ ቃል ልበል። «እኔ እኮ አልጠጣም» እያሉ ከሰዓቱን ሁሉ በተዘጋ ክፍል ሲመረቅኑ የሚውሉ አሉ። እነሱም ሐይቁን አላዩትም።

ከ21 ዓመት በታች ላላችሁት፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለራቃችሁት፣ ነገሩ የሕግም ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ለእናንተ አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ዕድሜያችሁ ከዚያ በላይ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ፍጹም ደህና የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በ2015 ዓ.ም. አስታውቋል። እዚህ ሐይቁ ዳር ደግሞ አደጋው ይቀርባል። ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ በጨለማ ዳር ዳሩን የሚወላገድ ሰው መንገዱ ላይ ሊገባ ይችላል። ሞቅ ብሎት «ዘልዬ እገባለሁ» የሚለውን ልጅ ያዙት። ያልሰከረውም ቢሆን ሐይቁ ውስጥ ባይዋኝ ይሻለዋል፤ ብልሃርዚያ ያለበት ውሃ ነው፣ መዋኘት ያማረው የሆቴል ገንዳ አለለት። ወባም አለና ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ አጎበር ሥር ተኙ። ሹፌሩ ጠጥቶ ከሆነ መኪናው ውስጥ አትግቡ። ይሉኝታ ቢይዛችሁም ባጃጅ ጥሩና ሂዱ።

ሌላም አለ። ሐይቃችን ውሃ የሚያስወጣበት መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣ የለም። ማታ ዳሩ ላይ የተጣለ ጠርሙስና ፌስታል ሌላ አገር አይሄድም፤ እኛው ዘንድ፣ ዓሣው ዘንድ ይቀራል። ጠዋት ስትንሸራሸሩ ያገኛችሁትን አንሡ። የሀዋሳ ሰው ሲያያችሁ ዝም አይልም፣ መርቆ ያሳልፋችኋል።

ጀልባ መሳፈር የምትፈልጉ ከሆነ ዋጋውን አርብ ማታ ከቀዛፊው ጋር ተነጋገሩና ጨርሱ፤ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው የሚከፈለው ብላችሁ ጠይቁ፤ ለስንት ሰዓት እንደሆነም ይናገር። የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለው ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ጠዋት ሐይቁ ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ስለዚህ ለጠዋቱ 1 ሰዓት ቅጠሩት፣ ስልኩን ያዙ፣ ጉማሬዎቹ ወደሚታዩበት ወገን ውሰደን በሉት፣ ጠጋ በል ግን አትበሉት።