አለኝ እና አለብኝ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ኦው» የሚባለው ግሥ ዕዳ አለበት ማለት ነው፤ «ኦውን» የራሱ አደረገ፣ ባለንብረት ሆነ ማለት ሲሆን፣ «ኦት» ደግሞ እኛ «ይገባል» የምንለው ረዳት ግሥ ነው። ተማሪ ሦስቱን በሦስት የተለያዩ ገጾች ያጠናቸዋል። ዳሩ ግን ሦስቱም የተወለዱት «አጋን» ከሚባል አንድ ጥንታዊ ቃል ነው። የዚህም ቃል ፍች መያዝ፣ ገንዘብ ማድረግ ነበር፤ ስለ ዕዳ አንዳች አይናገርም።

«አጋን» በጊዜ ብዛት «ኦው» ሆነ፤ ያለው ሰው «ልከፍለው የሚገባኝን ይዣለሁ» ከማለት ተነሥቶ «ዕዳ አለብኝ» ወደ ማለት ተሸጋገረ። ሁለቱ ፍቾች ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1616 የሞተው ሼክስፒር ይህንኑ ግሥ ሲያሻው ለባለዕዳ፣ ሲያሻው ለባለቤት ይጠቀምበታል። «ኦት» ደግሞ የዚሁ ግሥ ኃላፊ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ስለ ሁለቱ ባለዕዳዎች ሲናገር፣ ዛሬ «ኦውድ» ተብሎ በሚታተምበት ስፍራ «ኦት» ይላል። እንግዲህ የሥነ ምግባር ሊቃውንት የሚራቀቁበት ይህ ቃል ጥንት የገበያ ቃል፣ የአበዳሪና የተበዳሪ ቃል ነበር ማለት ነው። ጀርመኖችም ዕዳንና ጥፋትን በአንድ ቃል «ሹልድ» ይላሉ፤ ኒቼም እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው መጽሐፍ የጥፋተኝነት ስሜት ከዕዳ እንደ ተወለደ ተከራክሯል።

የእኛ ቋንቋ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ግልጽ ነው እንላለን። «አለኝ» ባልነው ላይ አንዲት «ብ» ብናስገባ «አለብኝ» ይሆናል። መቶ ብር አለኝ፤ መቶ ብር አለብኝ፤ መሄድ አለብኝ። ሀብትን፣ ዕዳንና ግዴታን አንድ ግሥ ይሸከማቸዋል። እንግሊዞች መዝገበ ቃላት ገልጠው የሚያገኙትን ዝምድና የእኛ ገበሬ በየዕለቱ ይናገረዋል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣነው ነበር። የሚያስጨንቀን ጥያቄ፣ ያልተዋዋሉት ዕዳ ዕዳ ነውን? የሚለው ነው። በውጭ አገር የሚገኝ ተማሪ የአገሩ ሕዝብ ዕዳ እንዳለበት ሲነገረው «መቼ ፈረምሁ?» ቢል ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በሌላው ወገን ያለውንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ በየጠቅላይ ግዛቱ ለሚከፈተው ትምህርት ቤት ወጪውን በመሬት ላይ ጣለው፤ የራሱ ልጅ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ባላገር ለሰው ልጅ ፊደል ከፈለ። እርሱም አልፈረመም። እንዲያውም አበዳሪ መሆኑን አላወቀም።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ያ ዕዳ መጠን አለው፤ ተከፍሎም ያልቃል። የባላገሩስ ዕዳ ወረቀት ስለሌለው ቀለለ ወይስ ከበደ? ከበደ ባዮች ነን። ውል ያለውን ዕዳ ዳኛ ያስታውሰዋል፤ ውል የሌለውን የሚያስታውሰው ባለዕዳው ብቻ ነው።

ሆኖም አንድ አደጋ አለ። አበዳሪው ዝም ሲል «ስለ እርሱ እኔ እሰበስባለሁ» የሚል አይጠፋም። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ የገበሬው ዕዳ እንዳለባቸው ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ ተማሪው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ላራሹ» ሲል የኖረ ነውና። ገበሬውን በራሳቸው መንገድ ለማደራጀት የሞከሩት ግን ከባለሥልጣኑ ጋር ተጋጩ፤ የታሰሩም የሞቱም አሉ። ለገበሬው መክፈልና በገበሬው ስም ለሚሰበስበው መክፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ በነዚያ ወጣቶች ላይ ታየ። ሰብሳቢውን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ሰብሳቢው ሐሰተኛ ስለሆነ ዕዳው ተሰረዘ ማለት ግን አያስኬድም።

«ኦት» ዛሬ አበዳሪውን ጥሎታል፤ ለማን እንደሚከፈል አይናገርም። በየማኅበሩ የአቋም መግለጫ ላይ «ሊደረግ ይገባል» የሚለው ሐረግ የሚበዛው ስለዚሁ ይመስለናል፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ ብሎ አይጠይቅምና ይመቻል። (እስቲ አንዱን መግለጫ አንሥቶ «ይገባል»ን ሁሉ በ«አለብን» የሚተካ አንባቢ ይሞክረው፤ ስንቱ ዐረፍተ ነገር ተርፎ እንደሚቆም ያያል።)

ስደት ብዙውን «አለኝ» ወደ «ነበረኝ» ይለውጠዋል። ቤት፣ ርስት፣ ጎረቤት ነበረን እንላለን። ትምህርት ግን ከባለቤቱ ጋር ድንበር ይሻገራል፤ ፊደሉን፣ ሒሳቡን፣ ሙያውን ነበረን አንልም፤ አለን ነው የምንለው። ታዲያ «አለን» እዚህ ድረስ አብሮን ከመጣ፣ ያቺ «ብ» ድንበሩ ላይ የምትቀረው በምን ምክንያት ነው?