በአንድ ቀን አትግቡ

ልጆቼ፣ አዲስ አበባ አድጋችሁ ዛሬ እናትና አባት የሆናችሁ የጎጃም ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ልጆቻችሁን የአያቶቻቸውን አገር ልታሳዩ ስትነሡ የምታደርጉትን አያለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መኪናው ይነሣል፤ ልጆቹ ጋቢ ተጠቅልለው ከኋላ ይተኛሉ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፍኖተ ሰላም «ደረስን» ተብለው ይቀሰቀሳሉ። 390 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ያዩት ነገር ቢኖር የፊት ወንበሩን ጀርባ ነው። ምክሬ አንድ ነው፤ በአንድ ቀን አትግቡ። ሁለት ቀን አድርጉት።

ከሁሉ በፊት ግን የሰላሙ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ይህ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ በዝቷል፤ ተጓዥ የታገተበትም ቀን አለ። ቤተሰብ ይዛችሁ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ላሉ ዘመዶች ደውሉ፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ የሚመላለሱትን ሾፌሮች ጠይቁ። «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ ይቅር። አያት የልጅ ልጇን የምትፈልገው በደኅና ነው፤ ለከርሞም ትጠብቃለች። መንገዱ ሲከፈትም በቀን ብቻ ተጓዙ። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ለዚያ ለሰላሙ ቀን ነው፤ እንዲቀርብልን ሌት ተቀን እጸልያለሁ።

ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከፓሪስ ተነሥቶ በሊዮን በኩል ወደ አልፕስ ተራሮች ሲወጣ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር የተተከሉ ቡናማ ታፔላዎች እዚህ ጥንታዊ ግንብ እንዳለ፣ እዚያ ወይን እንደሚበቅል ይነግሩታል። በየሁለት ሰዓቱ እንዲያርፍም ይመከራል። በእኛ መንገድ ላይ ይህን የሚነግር ታፔላ አታገኙም። ስለዚህ ነጋሪዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ጥቂት አንብቡ፤ አባቶቻችሁንም ጠይቁ። ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ስትደርሱ ቢያንስ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ግራዚያኒ በገዳሙ መነኮሳት ላይ ያደረሰውን ጭፍጨፋ ሳትነግሯቸው አትለፉ።

ዓባይ በረሃ ላይ ግን ጊዜ አትሰስቱ። ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ የተኛውን ሁሉ ቀስቅሱት። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግልበትና ከታች ሲፈልገው አይይዝለትም። ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ መኪናውን ከመንገድ አውጡና ለልጆቹ የገደሉን ቀለም አሳዩአቸው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። ወረድ ስትሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያም በታች የአሸዋ ድንጋይ አለ። ያ የኖራ ድንጋይ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በነበረ ባሕር ሥር የተነጠፈ ነው፤ የባሕር ፍጥረት ቅሪት ይገኝበታል። ጎጃምን ባሕር ሸፍኖት እንደነበር የሰማ የ10 ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጥያቄውን ብቻ ቻሉት። ሹራባቸውን እያወለቁ ወርደው ታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ያገኛሉ፤ አንዱ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ነው፤ ሌላው በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተው፣ በብረት ገመድ የተያዘው ነው። ድልድዩ ላይ አትቁሙ።

ደጀን ከወጣችሁ በኋላ ሜዳ ነው። ደብረ ማርቆስ እደሩ፤ ልጆቹ በጊዜ ይተኙ።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ዘፈኑን ቀነስ አድርጉና ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ክፈቱላቸው። ደራሲው ክቡር ሐዲስ አለማየሁ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ነው፤ መጽሐፉም የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። የመጽሐፉ ባለ ታሪክ የበዛብህ አገር ማንኩሳ ደግሞ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል አስፋልቱ ላይ ትገኛለች፤ ደምበጫንና ጅጋን አልፋችሁ ስትደርሱ ውረዱና በእግራቸው ይርገጧት። መጽሐፍ ውስጥ ያለ አገር በእግር የሚረገጥ መሆኑን በልጅነቱ ያየ ሰው አንባቢ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። በዚሁ መንገድ በየካቲት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ፣ በማንኩሳና በደምበጫ አድርጎ፣ አርበኛው እየተከተለው ወደ ማርቆስ ሸሽቷል። ንጉሠ ነገሥቱም ከሱዳን በበላያ መጥተው በዚሁ አልፈው ነው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገቡት። ወንድ አያታችሁ ስለዚያ ዘመን የነገሯችሁ ካለ፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእሳቸው አፍ እንደሰማችሁት ንገሩ።

አሁን ስለ አያቶቹ ቤት ልምከራችሁ። ልጆቹ ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ ስልካቸውን ኪስ ይክተቱ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጉልበት ይሳሙ። የዳጉሳ እንጀራ ቀርቦ ፊቱን የሚያጨፈግግ ልጅ አስተናጋጇን ምን ያህል እንደሚጎዳት ቀድማችሁ አስረዱት፤ ስትመለሱ ትወቅሱታላችሁ፣ እሷ ግን ያን ፊት አትረሳም። ገንዘብ በሰው ፊት አትዘርጉ። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ግቡ፤ የሚሰጥ ብር ካለ ለብቻ፣ በእጅ ይሁን። ማታ ሁሉም በተሰበሰበበት ልጆቹ ዘራቸውን እንዲቆጥሩ ጠይቋቸው። ሦስት ቤት ላይ ከቆሙ የቀረውን አያት ይሙሉላቸው፤ እናንተ ጣልቃ አትግቡ።

ብትችሉ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሂዱ። ያን ጊዜ በጃቢ ጠህናንና በቡሬ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀይ ነው። የልጁን እጅ ያዙና አንዱን ዛላ ጆሮው ሥር ነቅንቁለት፤ በደንብ የደረቀው ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል፤ ያልደረቀው ዝም ይላል። ገበሬው ለገበያ የሚሆነውንና ገና ፀሐይ የሚፈልገውን የሚለየው በዚህም ነው። ልጁ ያስነጥሰዋል፤ ያስነጥሰው። አዲስ አበባ ቤታችሁ ያለው በርበሬ ከሱቅ እንዳልተወለደ ያን ቀን ያውቃል። ዓይኑን በእጁ እንዳያሽ ብቻ ጠብቁት።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ቡሬን አልፋችሁ በጥሊሊ በኩል ሰከላ ግቡ፤ ግሽ ዓባይ እዚያ ነው። የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጠበል ስለሆነ በአክብሮት፣ ሳትበሉ በጠዋት ድረሱ፤ ለትንንሾቹ ስንቅ መኪና ውስጥ ይቆይ። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1770 እ.ኤ.አ. ብዙ ደክሞ የደረሰው እዚህ ነው፤ ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ ደግሞ በ1618 ቀድሞታል። የእናንተ ልጆች ካህኑ የሚናገሩት ይገባቸዋል። ስለዚህ አስተርጓሚ አትሁኑባቸው፤ ራሳቸው ይጠይቁ፣ ራሳቸው ይመለስላቸው።

አዲስ አበባ በገባችሁ በሳምንቱ ስልኩን ለልጆቹ ስጧቸው። በርበሬው በስንት እንደተሸጠ፣ የታመመች ጥጃ ካለች መዳን አለመዳኗን አያታቸውን ራሳቸው ይጠይቁ። አያት ጆሯቸው ከብዶ ቢደጋግሙባቸውም አትቀሟቸው፤ ጮክ ብለው ይናገሩ።