ጠላቂዎቹ የማያውቋቸው ከንቲባ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሲፊክ ግሮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ላቨርስ ፖይንት የሚሉት የባሕር ዳርቻ አለ። ጠላቂዎች ጀልባ ሳይከራዩ፣ የአየር ሲሊንደራቸውን አዝለው ከአሸዋው በእግራቸው ወደ ውሃው ይገባሉ። ጥቂት እንደዋኙ የኬልፕ ደን ይቀበላቸዋል። ኬልፕ ቡናማ የባሕር አልጌ ነው፤ ከድንጋይ ተጣብቆ፣ አየር በቋጠሩ ትንንሽ ፊኛዎች ተደግፎ እስከ ውሃው ገጽ ይቆማል። ሲመቸው በቀን ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ያድጋል። እግሩ ሲጠላለፍ ደንግጦ የሚንፈራገጥ ጠላቂ ይብሱን ይተበተባል፤ ልምድ ያለው ቆም ብሎ ግንዱን አጥፎ ይሰብረዋል።

ወደዚህ ዳርቻ የሚያስወርደው በር አንድ ጊዜ ተቆልፎ ነበር። ወይዘሪት ጁሊያ ፕላት ቁልፉን በሞረድ ቆረጡት፤ እንደገና ሲዘጋ በሩን በመጥረቢያ ፈለጡት። ሴትዮዋ ተራ ነገረኛ አልነበሩም። በ1898 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሳይንስ ዶክትሬት ይዘዋል፤ ሴት በመሆናቸው ግን የሚቀጥራቸው ዩኒቨርሲቲ ጠፋ። ሳይንስ ሲገፋቸው ፓሲፊክ ግሮቭ ገብተው የከተማዋን ምክር ቤት ሲሞግቱ ኖሩና፣ በ1931 ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከንቲባ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ጎረቤቷ ሞንተሬይ የሰርዲን ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ የዓሣው ተረፈ ምርት ዳርቻውን አግምቶት ነበር። ከንቲባዋ ፋብሪካዎቹን ማስቆም አልቻሉም። የቻሉትን አደረጉ፤ ከተማቸው በዳርቻዋ ላይ እንድታዝዝ የሚያስችል የግዛት ሕግ አስወጡና፣ ከሆፕኪንስ የባሕር ምርምር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለውን ውሃ ጥብቅ ክልል አደረጉት። ትልቁን ጥፋት ማቆም ያልቻለ ሰው ገና ያልጠፋውን ትንሽ ነገር ማጠር እንደሚችል ከእሳቸው የበለጠ ያሳየኝ የለም። ውጤቱን አላዩም፤ በ1935 ሞቱ።

ኦተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ለፀጉሩ ሲታደን ኖሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልቋል ተብሎ ነበር። በ1938 ቢግ ሰር አጠገብ ጥቂቶች በሕይወት ተገኙ። ዘራቸው እየበዛ ወደ ሰሜን ተስፋፍቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞንተሬይ ሲደርስ፣ በጥብቅ ክልሉ የሚበላ አላጣም። ኬልፕን የሚግጠውን የባሕር ጃርት ስለበሉት ደኑ አንሰራራ።

ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ጃርቱን የሚበላው ትልቁ የባሕር ኮከብ በበሽታ አለቀ፤ ባሕሩ ሞቀ፤ ብዙ ቦታ ላይ ደኑ ተግጦ ባዶ ድንጋይ ቀረ። በ2021 ግዛቱ ሞንተሬይ አጠገብ በአንድ የተወሰነ ቦታ ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎች ጃርቱን በመዶሻ እንዲሰባብሩ ፈቀደ። ኦተሮቹ ግን ባዶው ድንጋይ ላይ ያለውን የከሳ ጃርት ንቀው ያልፉታል፤ የሚያድኑት በተረፈው ደን ውስጥ የወፈረውን ነው። ስለዚህ የተረፈው ደን በእነሱ ይጠበቃል፤ የተጋጠውን ግን አይመልሱትም።