ልጆቻችን በዓለም ዘፈን ለምን ያለቅሳሉ?

ዛሬ አብረን የምናስበው ጥያቄ ከመድረክ ብዙ ጊዜ የማይነሳ፣ በየቤታችን ግን በየቀኑ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ጌታን የማያውቅ ሰው የጻፈው ዘፈን እውነት ሊናገር ይችላል ወይ? የሚናገር ከሆነስ እኛ አማኞች ምን እናድርገው?

ባደግንበት ቤት መልሱ አጭር ነበር። መዝሙር የጌታ ነው፣ ዘፈን የዓለም ነው፤ አለቀ። ለዚህም የሚጠቀሰው ገላትያ 5፥21 ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። ጳውሎስ በግሪክ የጻፈው ቃል «ኮሞስ» ነው። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን 3 ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እዚህ፣ በሮሜ 13፥13 እና በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥3። በሦስቱም ቦታ ከስካር ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ኮሞስ ማለት ሰዎች ጠጥተው በሌሊት እየጨፈሩ በየመንገዱ የሚዞሩበት ፈንጠዝያ ነው፤ ዲዮኒሶስ ከተባለው የወይን ጠጅ ጣዖት አምልኮ ጋርም የተያያዘ ነበር። ሐዋርያው የኮነነው ይህን ልቅ ኑሮ ነው። ይህን የምላችሁ ለዘፈን ሁሉ በር ልከፍት አይደለም። ዛሬም ኮሞስ የሆነ ዘፈን ሞልቷል፤ ከእርሱ ሽሹ። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የተዜመን ሁሉ በዚህ አንድ ቃል መጠቅለል ቃሉ ያላለውን ማስባል ነው።

እስቲ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን ተመልከቱ። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያሞሾው ሙሾ ከቁጥር 19 እስከ 27 ተጽፏል። በዚያ ሙሾ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም። የወደቁ ኃያላን፣ የተጣለ ጋሻ፣ የወዳጅ ፍቅር፣ ለቅሶ። ያለው ይኸው ነው። ሆኖም ዳዊት የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ፤ መንፈስ ቅዱስም በቅዱስ መጽሐፋችን ውስጥ አኖረልን። እንግዲያው የሰውን ኀዘን በእውነት የሚናገር ቃል በእግዚአብሔር ፊት የተናቀ አይደለም።

አሁን ልጆቻችን ወደሚሰሙት እንምጣ። ለብዙዎቻችን ሮክ ሲባል የሚታየን ጩኸት፣ የተንጨባረረ ፀጉርና አደንዛዥ ዕፅ ነው። እርሱም አለበት። ግጥሙን ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ግን አንዳንዱ ታሪክ ነው፤ ሰው የሚያስብበት፣ ራሱን የሚያይበት ታሪክ። ሁለት ምሳሌ ላንሳላችሁ።

ብሩስ ስፕሪንግስቲን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1982 «ኔብራስካ» የተሰኘ አልበም አወጣ። የቀረጸው ኒው ጀርሲ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ፣ በካሴት መቅረጫ ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን በ1958 ተይዞ በኋላ በሞት የተቀጣውን የቻርልስ ስታርክዌዘርን ታሪክ ይተርካል፤ ብዙ ሰው የገደለ ወጣት ነው። የሚተርከው ግን «እርሱ» እያለ ሳይሆን «እኔ» እያለ ነው። ዘፋኙ ነፍሰ ገዳዩን አያሞግስም፣ ሰበብም አይፈልግለትም። ድምፁን ሳያነሳ በዝግታ ይነግራችኋል። ዘፈኑን አብሮ ያዜመ ሰው «ያ ክፉ ሰው» ብሎ በሩቅ ሊያየው ይቸግረዋል፤ «እኔ» የሚለው ቃል በገዛ አፉ ገብቷልና።

ነቢዩ ናታንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ወደ ዳዊት ሲገባ ስለ ቤርሳቤህና ስለ ኦርዮ አልጀመረም። አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃ ሰው ተረከለት። ንጉሡ ተቆጣ፣ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያ ሰው እርሱ ራሱ እንደሆነ የሰማው። ስብከት በፊት ለፊት ሲመጣ በራችንን የምንቀረቅር ሰዎች፣ ታሪክ በጓሮ ሲገባ አናየውም። ጌታችንም በምሳሌ ያስተማረው ለዚህ ሳይሆን ይቀራል? ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ናታን ታሪኩን ተርኮ አልሄደም። ዳዊት ኃጢአቱን በተናዘዘ ጊዜ፣ ኃጢአቱ እንደተወገደለት እዚያው ነገረው። ዘፈኑ ግን ታሪኩን ጨርሶ ዝም ይላል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ኸርት» የሚባል ዘፈን ነው፤ ሕመም፣ ጉዳት እንደማለት ነው። የጻፈው ናይን ኢንች ኔይልስ በሚል ስም የሚታወቀው ትሬንት ሬዝነር ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ራሱን የሚጎዳ፣ በሱስ የታሰረ፣ ያከማቸውን ሁሉ ከንቱ አድርጎ የሚያይ ሰው ንግግር ነው። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ይህንኑ ዘፈን ጆኒ ካሽ ዘፈነው። ካሽ በወጣትነቱ በአነቃቂ እንክብሎች ሱስ የወደቀ፣ በኋላ በቢሊ ግራሃም የወንጌል ስብሰባዎች ላይ ቆሞ ስለ ክርስቶስ የመሰከረ ሰው ነው። ዘፈኑን ሲቀርጽ 70 ዓመት ገደማ ሆኖት፣ በሕመም ደክሞ ነበር። በምስሉ ላይ ሚስቱ ጁን ቆማ ታየዋለች። እርሷ በግንቦት 2003 ሞተች፤ እርሱም በዚያው ዓመት በመስከረም ተከተላት። በምስሉ መካከል የጌታ ስቅለት ብልጭ ይላል፤ ካሽ ራሱ በ1973 ስለ ኢየሱስ ሕይወት ካሠራው ፊልም የተወሰደ ነው።

ካሽ ከግጥሙ የቀየረው አንድ ቃል ነው። ሬዝነር ስለ አክሊል ሲናገር የተጠቀመበት ቃል ጸያፍ ነበር፤ ካሽ ያንን አውጥቶ በምትኩ እሾህ አስገባ። አክሊሉ የእሾህ አክሊል ሆነ። ዜማው ያው ነው፣ ሕመሙም አልቀነሰም፤ ምንም መልስ አልተጨመረም። እኔ ግን ስሰማው፣ በዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው የገባ ያህል ይሰማኛል፤ ያንን አክሊል በራሱ ላይ የደፋው።

ታዲያ ልጆቻችን ይህን ፍለጋ ለምን ወደዚያ ይሄዳሉ? መልሱ ያማል፤ እኛ ዘንድ ስላላገኙት ነው። በመጽሐፋችን ግን ሞልቷል። ከ150ዎቹ መዝሙራት ሲሶ ያህሉ የለቅሶና የአቤቱታ መዝሙሮች ናቸው። መዝሙር 88ን አንብቡ። በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል «ጨለማ» ነው። የምስጋና መደምደሚያ እንኳ የለውም። ሆኖም ጸሎት ነው። ለምን? የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ነዋ! ለቅሶን ጸሎት የሚያደርገው አድራሻው ነው።

እኛስ? በመካከላችን መርዶ በስልክ ሰምቶ እናቱን ለመቅበር መሄድ ያልቻለ ወንድም አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመታት ያለፉበት አለ። በዓረብ አገር በሰው ቤት ተዘግቶባት ይህን የምታነብ እህት አለች። እሁድ ስንገናኝ ግን «እንዴት ነህ?» «ጌታ ይመስገን!» ተባብለን እናልፋለን። ምስክርነት የምንጠይቀው መከራው ካለፈለት ሰው ብቻ ነው። ልጁ ቅዳሜ ማታ እናቱ ወጥ ቤት ስታለቅስ አይቷል፤ እሁድ ስትዘል ያያታል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ማንም ሁለቱን አገናኝቶ አላስረዳውም። መዝሙራችን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ለዓመታት ታስሮ፣ በእስር ቤት ሆኖ መዝሙር ጽፏል። በዚያ ዘመን መከራና ዝማሬ አይተፋፈሩም ነበር።

ወገኖቼ፣ እነዚያ ዘፈኖች እንባው አላቸው፣ አድራሻው የላቸውም። እኛ አድራሻው አለን፣ እንባውን ግን ደብቀናል።

አንዲት እናት «ፓስተር፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው የኀዘን ዘፈን ነው፤ ስልኩን ልቀማው?» ብላ ጠይቃኛለች። «እህቴ፣ ከመቀማትሽ በፊት አብረሽው ስሚ» አልኳት። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። ቋንቋው ቢከብዳችሁ ልጁ ይተርጉምላችሁ። ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ይህ ዘፈን ስለ ሰው ምን እውነት ይናገራል? ምን ሳይናገር ይቀራል? ከሰማኸው በኋላ ልብህ ወዴት ይሄዳል? 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ሁሉን ፈትነን መልካሙን እንድንይዝ ያዝዘናል፤ ሳይሰሙ መፈተን ደግሞ የለም።

ስትፈትኑ ግን ፍሩ። ቁስልን በትክክል መናገር ቁስልን ማዳን አይደለም። ተስፋ መቁረጥን አሳምሮ፣ ሞትን እንደ ዕረፍት አድርጎ የሚያቀርብ ዘፈን አለ፤ እርሱን «ሐሰት ነው» በሉት። ልጃችሁ መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ ደግሞ፣ ጸልዩለት፣ ሳትውሉ ሳታድሩም ወደ ሐኪም ውሰዱት። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። በመስቀል ላይ መዝሙር 22ን ሲጮኽ ለምን እንደተተወ ጠየቀ፤ ሲጠይቅ ግን የጠራው አምላኩን ነበር። እንባውም አድራሻውም በእርሱ ተገናኙ። በዚህ ሳምንት በቤታችሁ መዝሙር 88ን ከልጆቻችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ስትጨርሱ ለማጽናናት አትቸኩሉ፤ ጥቂት ዝም በሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ያለበትን ጨለማ በስሙ ጠርቶ ለጌታ ይንገረው።

የመጽናናት ሁሉ አምላክ ቤታችሁን ይጎብኝ። አሜን።