ዐቢይ ቀመር የሚመልሰውና የማይመልሰው

ዘመን ዞሮ ይመለሳልን? ቢመለስስ በውስጡ የተሠራው ክፉና በጎ አብሮ ይመለሳልን? ይህ ጥያቄ ከባሕረ ሐሳብ ትምህርት መልስ የሚገኝለት ስለ ሆነ፥ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር ስለሚሉት ስለ 532 ቁጥር ጥቂት እንናገራለን።

ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ያላት ሒሳብ በ19 ዓመት ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ይህም ንኡስ ቀመር ይባላል። የሳምንቱ 7 ዕለታትና የ4ቱ ወንጌላውያን ዘመን ደግሞ በ28 ዓመት አንድ ላይ ይገጥማሉ። 19 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ከ28 ጋርም የሚጋራው ስለሌለ፥ ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙት 19 በ28 ሲባዛ በሚገኘው በ532 ነው።

ለምሳሌ ሁለት ነጋድያን ሰሊጥ ይዘው ወደ መተማ ገበያ ይመላለሳሉ እንበል። አንዱ ከገንዳ ውኃ በየ4 ቀን፥ ሁለተኛው ከቋራ በየ6 ቀን ቢመጣ፥ አንድ ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ዳግመኛ የሚገናኙት ከ24 ቀን በኋላ ሳይሆን ከ12 ቀን በኋላ ነው፤ 4ና 6 ሁለትን ይጋራሉና። የቋራው በየ7 ቀን ቢመጣ ግን የሚጋሩት የለምና 28 ቀን ሳይሞላ አይተያዩም። 19ና 28ም እንዲሁ ናቸው።

ይህን ሒሳብ በዚያው በመተማ በሆነው ነገር እንመርምረው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር የተዋጉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበረ፤ በዚያም ቈስለው ዐረፉ። በ1881 ላይ ዓመተ ፍዳ 5500 ሲጨመር 7381 ይሆናል፤ በ19 ሲካፈል 9 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ብንተው ወንበሩ 8፥ አበቅቴው 28፥ መጥቅዑ 2 ነው። ስለዚህ ዐቢይ ጾም የካቲት 19 ሰኞ ገባ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 14 ዋለ። ጦርነቱ የሆነውም ቅዳሜ፥ ጾሙ በገባ በ13ኛው ቀን ነበረ። ከ1881 ላይ 532 ቢቀነስ 1349 ዓ.ም.፥ ማለት የዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ይሆናል፤ ቢጨመር 2413 ዓ.ም. ይሆናል። በሁለቱም ዓመታት ጾሙ የካቲት 19 ሰኞ ይገባል፤ መጋቢት 1ም ቅዳሜ ይውላል።

እንግዲህ በ2413 ዓ.ም. በመተማ ደም ይፈስሳል ማለት ነውን? አይደለም። ቀመር የሚመልሰው ዕለቱን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ከኮከብ ቈጠራ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ይነግረናል፤ ኮከብ ቈጣሪው ግን ሰው ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ ይላል። በደሉን ሁሉ በዘመን ላይ የሚጥል ሰው ጥፋቱን ከራሱ አውርዶ አፍ በሌለው ቁጥር ላይ የሚጭን ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ስደተኞች በዚያው ድንበር ወደ መተማ ገቡ። የዚያ ዓመት አበቅቴ 9 ነበረ። ነገር ግን ለተጠማው ውኃ የሰጠው አበቅቴው አይደለም፤ ሰው ነው። በሩን የዘጋ ቢኖርም እርሱ ሰው ነው።

አሁን ያለንበት 15ኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል፤ ከዚህ አንባብያን ብዙዎቻችን ፍጻሜውን አናይም። ዕለቱ ያለ እኛ ተመልሶ ይመጣል፤ እኛ ግን በዕለቱ የሠራነውን ይዘን እንሄዳለንና፥ የተሰጠንን ቀን በበጎ ሥራ እንፈጽመው።