የጤፍ ደራሲ ማን ነው?

«ጤፍን ማን ፈለሰፈው?» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ መጀመሪያ ትስቃላችሁ፤ ቀጥላችሁም «እግዜር ነዋ!» ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። ጥያቄው ቀልድ የሚሆነው ግን እዚህ እኛው አገር እስካለ ድረስ ነው። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ቀልድነቱ ያበቃል። እዚያ «እግዜር ነዋ» የሚል መልስ የሚሞላበት ቅጽ የለም። ስም ያስፈልጋል፤ ቀን ያስፈልጋል፤ ፊርማ ያስፈልጋል።

ታሪኩን ብዙዎቻችን በጨረፍታ ሰምተነዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ማወቅ ግን ይገባናል ባይ ነኝ። (ጽሕፈት ቤቱም ፍርድ ቤቱም የፈረንጅ ነውና ዓመቶቹን በፈረንጅ እቆጥራለሁ።) በ2003 ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንዲሰጠው ሆላንድ ውስጥ አመለከተ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ፈቀደለት። ፈጠራው ምን መሰላችሁ? ዋናው ፍሬ ነገር ጤፍ እንደታጨደ ከሚፈጭ ይልቅ ቆየት ብሎ ቢፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር የተሻለ ይሆናል የሚል፣ በመለኪያና በቁጥር የተጻፈ ሐሳብ ነው። እንግዲህ እህል በረንዳ ወርዳ «የዘንድሮ ነው የከረመ?» ብላ የምትጠይቅ እናት ሁሉ ሳታውቀው ተመራማሪ ኖራለች ማለት ነው!

ማመልከቻው በዚያ እንዳለ፣ በ2005 የእኛው መንግሥት የብዝሀ ሕይወት ተቋም ከዚሁ ኩባንያ ጋር የአሥር ዓመት ውል ተፈራረመ። ውሉ በወረቀት ላይ ሲያዩት ያማረ ነበር። ኩባንያው ዘሩን ይጠቀማል፤ ለኢትዮጵያም ከሚያገኘው ያካፍላል። እንዲያውም በጊዜው ለዓለም አርአያ የሚሆን ውል ተብሎ ተወድሷል። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌሎች ኩባንያዎች ተሻገረ። አዲሶቹ ባለመብቶች ደግሞ በውሉ አልታሰሩም። የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጉዳዩን አጥንተው በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው 4,000 ዩሮና ገና በጅምሩ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ እንደሆነ ጽፈዋል። አራት ሺህ ዩሮ!

በ2018 መጨረሻ ዘ ሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት ፓተንቱ በሆላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። ወሬው በ2019 መጀመሪያ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ጤፋችን ተመለሰልን» ብለን ደስ አለን። ደስ ማለቱ አይከፋም። ግን እስቲ ልብ እንበል፤ እዚያ ችሎት ፊት የቆሙት ተከራካሪዎች እነማን ነበሩ? ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች። ፍርዱስ በምን ምክንያት ተሰጠ? የአድኣ ወይም የጎጃም ገበሬ መብት ተነክቷል ተብሎ አይደለም፤ ሐሳቡ በሙያው ላይ ላለ ሰው አዲስ ነገር የለውም ተብሎ ነው። ገበሬው በውሉ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፤ በችሎቱም አልነበረም። ሲዘረፍም ሲረታም ስሙ አልተነሣም።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው። ስለዚህ ነገሩን በማውቀው በር ልግባበት። ሥነ ቃል ስናስተምር ተማሪው ሁልጊዜ «ደራሲው ማን ነው?» ይላል። የለቅሶ ግጥሙን፣ የእረኛውን ቀረርቶ፣ ተረቱን ማን ደረሰው? አይታወቅም። አንዷ አልቃሽ አወጣችው፤ ሌላዋ ስንኝ ለወጠችበት፤ ሦስተኛዋ አሳመረችው። ታዲያ ደራሲው አለመታወቁ ባለቤት የለውም ማለት ነው? በፍጹም! የሚጠብቀው፣ የሚያርመው፣ ሲበላሽ «እንዲህ አይባልም» የሚል ሕዝብ አለው። ጤፍም እንዲሁ ነው። ከሺህ ዓመታት በላይ ዘሩን እየለየ፣ ነጩን ከሠርገኛው፣ ቶሎ የሚደርሰውን ከሚዘገየው እየመረጠ ለልጁ ያወረሰ ገበሬ፣ ማሳው ላይ ሥነ ቃል ሲደርስ ነው የኖረው።

የዓለም ንግድ ሕግ ግን ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ቤት ነው። አንደኛው ክፍል ስም፣ ቀንና ፊርማ ላለው ነው፤ የፈጠራ ባለቤት ይባላል፤ ቁልፍ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ክፍል የማንም ያልሆነው የሚጣልበት ነው፤ ማንም ገብቶ ያሻውን ያነሣል። ብዙ ሆነው፣ ብዙ ዘመን ፈጅተው፣ ሳይጽፉ ያወቁ ሰዎች የሚገቡበት ሦስተኛ ክፍል አልተሠራም። ዕውቀታቸው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይወረወራል፤ ከዚያ አንዱ ያነሣውና አንደኛው ክፍል አስገብቶ ይቆልፍበታል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሊሞግተኝ ይገባል። «እሺ፣ እኛስ ለበርበሬ የከፈልነው አለ ወይ?» ቢለኝ ምን ልል ነው? በርበሬንም በቆሎንም ድንችንም አልምተው ለዓለም ያበረከቱት የአሜሪካ አህጉር ነባር ሕዝቦች ናቸው። ያለ እነሱ ቀይ ወጥ የሚባል ነገር ባልኖረ። ዶሮ ወጥ በሠራን ቁጥር ለሜክሲኮ ገበሬ ድርሻውን ቆርጠን አንልክም። ሙግቱ የዋዛ አይደለም። መልሴ ይህ ነው፤ እኛ በርበሬውን ወሰድን እንጂ ከኋላችን በሩን አልዘጋንም። «ከእንግዲህ በርበሬን ደልሆ፣ አድርቆና አስፈጭቶ መሸጥ የእኔ ብቻ ነው» ብለን የሜክሲኮን ገበሬ ፍርድ ቤት አላቆምንም። ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው መሄዱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የተቀበሉትን የራስ ፈጠራ ብሎ መቆለፍ ላይ ነው።

ሦስተኛውን ክፍል መሥራት አይቻልም የሚል ካለ ኒው ዚላንድን ይመልከት። የማኦሪ ሕዝብ «ካ ማቴ» የሚባል የፉከራ ዝማሬ አለው፤ የራግቢ ቡድናቸው ከጨዋታ በፊት መሬት እየደቃ የሚያሰማው ነው። ዝማሬው ለንግድ ማስታወቂያ ማሻሻጫ ሲሆን የኖረ ነው። በ2014 ግን በወጣ ሕግ፣ ለንግድ የሚጠቀምበት ሰው የደረሰው ቴ ራውፓራሃ መሆኑን፣ እሱም የንጋቲ ቶዋ ጎሳ አለቃ እንደነበረ እንዲገልጽ ተደነገገ። ገንዘብ አልተባለም፤ ክልከላም አልተባለም፤ ስም ብቻ። ከዚያም አልፎ ኒው ዚላንድ ከ2001 ጀምሮ በምትፈርማቸው የነፃ ንግድ ስምምነቶች ውስጥ፣ መንግሥት ለማኦሪ የገባውን ግዴታ ለመወጣት የሚወስደው እርምጃ በንግድ ውል እንዳይታሰር የሚያደርግ አንቀጽ እያስገባች ነው። ነባሩ ሕዝብ ውሉ ካለቀ በኋላ የሚታዘንለት ሳይሆን ውሉ ሲጻፍ የሚታሰብ ሆነ ማለት ነው።

አፍሪካም ዝም አላለችም። በ1999 የአፍሪካ አገሮች በአንድ ድምፅ ለዓለም ንግድ ድርጅት ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሕይወት ያለው ነገር በፓተንት እንዳይያዝና የማኅበረሰቦች ዕውቀት እንዲጠበቅ ጠይቀዋል። በዚያ ዘመን በተመሳሳይ መድረኮች የአፍሪካን ተደራዳሪዎች ይመሩ ከነበሩት አንዱ የእኛው ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። በግንቦት 2024 ደግሞ ጄኔቭ ላይ አንድ ስምምነት ጸደቀ፤ በጄኔቲክ ሀብት ላይ ለተመሠረተ ፈጠራ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ሀብቱን ከየት አገር፣ ዕውቀቱን ከየትኛው ማኅበረሰብ እንዳገኘ ይናገር የሚል ነው። ትልቅ እርምጃ ነው፤ ከማታለል በቀር አለመናገሩ ብቻውን ፓተንቱን እንደማያሰርዝ ግን አብሮ ተጽፏል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይባላል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት የማኅበረሰቡ ነው ይላል። መልካም ሕግ ነው። በዚያው በፈረንጆቹ 2006 ደግሞ የከተማው ዋጋ እንዳይንር ተብሎ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ታገደ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እኔም እንጀራ ገዢ ነኝ። ነገር ግን እኛ በርካሽ እንድንበላ የገበሬው ገበያ ሲዘጋ፣ አይዳሆ የበቀለ ጤፍ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ሲሸጥ፣ ገበሬውን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው ማን ነው? ለሆላንዱ ኩባንያ የፈረመለትም መንግሥት ነው፤ ገበያውን የዘጋበትም መንግሥት ነው። ሁለቱም ጊዜ በስሙ ተወሰነ፤ ሁለቱም ጊዜ እሱ ማሳው ላይ ነበር።

ስለዚህ ስለ ዓለም ንግድ ስንደራደር ጥያቄው ኢትዮጵያ ወንበር አገኘች ወይ የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። ከሱፍ ለባሾቹ ጎን፣ የከረመውን ከዘንድሮው በእጇ ዳስሳ የምትለየው ሴት ትቀመጣለች ወይ? ካልተቀመጠች ባለቤቱን የናቅነው እኛው ነን፤ አጥሩን የነቀነቀውን ባዕድ ምን ብለን ልንከስሰው ነው?